ተፈቅዶ ያልተወጣ ፈቃድ

ቅጹ አጭር ነው። ከላይ የታካሚው ስም አለ፤ ከሥሩ የተያዘበት የሕግ አንቀጽ። ቀጥሎ የት እንደሚሄድ፣ ለስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ስንት ሠራተኛ እንደሚያጅበውና ምን እንደማይፈቀድለት ይጻፋል። ከታች የኃላፊ ሐኪሙ ፊርማና ቀን። «ሆስፒታሉ አጠገብ ወዳለው ሱቅ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ አንድ ሰዓት፣ በሁለት ሠራተኞች ታጅቦ» የሚል ዓይነት ነገር ነው የሚጻፈው። እንግሊዝ አገር በ1983ቱ የአእምሮ ጤና ሕግ ተይዞ ሆስፒታል የተቀመጠ ሰው ከግቢው ውጭ ለስላሳ ለመግዛትም፣ ጥርሱን ለማስነቀልም፣ የእናቱን ቤት ደጃፍ ለመርገጥም ይህ ወረቀት ያስፈልገዋል። አንቀጹ 17ኛው ስለሆነ ሠራተኛውም ቤተሰቡም «ሴክሽን ሰቨንቲን» ይሉታል፤ ባጭሩ «ሊቭ»። እኔም እንደ ለመድነው ሊቭ እያልኩ እቀጥላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሊቭ ስጽፍ በተለይ የማስባቸው የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ኖሮባቸው፣ አንዳንዴም ሁለቱም ተደርበውባቸው፣ በሕግ ተይዘው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ውስጥ የሚኖሩትን ነው። «የሚኖሩትን» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የዕድገት ውስንነትም ሆነ ኦቲዝም መድኃኒት ተወስዶለት የሚድን በሽታ አይደለም። ሰውየው የገባው የሚያስጨንቀው ነገር ተጠንቶ፣ የሚኖርበት ቤትና የሚረዳው ሰው ተዘጋጅቶለት፣ ቶሎ ወደ ሰፈሩ እንዲመለስ ነበር። ነገር ግን በእንግሊዝ ብቻ ወደ 2,000 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ አሉ፤ በአማካይ የቆዩበት ጊዜም አምስት ዓመት ገደማ ነው። አሥር ዓመት ያለፋቸው ጥቂት አይደሉም። አምስት ዓመት ሙሉ በአንድ ኮሪደር ለሚመላለስ ሰው ያቺ አንድ ሰዓት ምን እንደሆነች ለማስረዳት ብዙ ቃል የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

በለንደንና በሌሎች ከተሞች በዚህ ሥራ ላይ ያሉ የሀገራችን ልጆች ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ነርስ ነው፣ አንዳንዱ የድጋፍ ሠራተኛ (ሰፖርት ወርከር)፣ አንዳንዱ ደግሞ በኤጀንሲ በኩል ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚሠራ። እኔም በዚያ ሥራ አልፌያለሁ። አጅቤ ወጥቻለሁ፤ «ዛሬ መውጣት የለም» የሚለውን መልእክት ይዤም ወደ ታካሚው ክፍል ሄጃለሁ። ዛሬ የምጽፈው በሁለተኛው ምክንያት ነው።

ሕጉን ክፉ ነው አልልም። ፈቃዱን የሚሰጠው ኃላፊ ሐኪሙ ነው፤ እሱ በሌለበት ቦታውን በይፋ ከሚይዘው ሰው በቀር ሥልጣኑን ለሌላ አሳልፎ መስጠት አይችልም። ለአንድ ቀን፣ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ገደብ ሳያበጅለት ሊፈቅድ ይችላል። ከሰባት ተከታታይ ቀናት ለሚበልጥ ሊቭ ግን ሰውየው ከሆስፒታል ወጥቶ በሕግ ክትትል ሥር ሆኖ መታከም ይችል እንደሆነ አስቀድሞ ማጤን አለበት። የሰጠውን ፈቃድ ሽሮ ታካሚውን መልሶ የሚጠራው ለራሱ ለታካሚው ጤንነት ወይም ደኅንነት፣ አለዚያም ለሌሎች ሰዎች ጥበቃ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው ነው፤ ጥሪውም በጽሑፍ መሆን አለበት። በሰዓቱ ያልተመለሰ ሰው በፖሊስም በሆስፒታሉ ሠራተኛም ተይዞ ሊመለስ ይችላል። በ2015 የወጣው የአሠራር መመሪያ ደግሞ ፈቃዱ ተጽፎ ቅጂው ለታካሚው እንዲሰጠው፣ ሊቩ እንዴት እንዳለፈ እንዲመዘገብ፣ ታካሚውም የራሱን አስተያየት እንዲሰጥ ያዝዛል። ደግ ሐሳብ ነው።

በወንጀል ችሎት በኩል አልፈው የመጡት ጉዳያቸው ይከብዳል። ክራውን ኮርት በአንቀጽ 41 የእገዳ ትእዛዝ የጨመረበት ሰው ከሐኪሙ በላይ የፍትሕ ሚኒስትሩ ስምምነት ያስፈልገዋል። ሐኪሙ ቅጽ ሞልቶ ወደ ሚኒስቴሩ ይልካል፦ የመውጣቱ ዓላማ ምንድን ነው፣ ምን አደጋ አለው፣ የተበደለው ሰው የሚኖረው የት ነው። ታካሚውን ዓይቶት የማያውቅ ሹም ወረቀቱን አንብቦ ይወስናል። የተበደለ ሰው ሥጋት መታሰቡ ተገቢ ነው፤ ይህን የሚያጣጥል ሰው ከተበዳዮች ጋር ተቀምጦ አያውቅም። ፍርድ ቤት ለምርመራ ብቻ የላካቸው ሰዎች ደግሞ በአንቀጽ 17 ከነጭራሹ አይወጡም።

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ስለ መፍቀድ፣ ስለ መከልከልና ስለ መሻር ነው። ለእያንዳንዱ ባለቤት አለው፤ ፊርማ አለው። ተፈቅዶ ሳይወጣ ስለሚቀረው ሊቭ ግን ሕጉ አንድ ቃል አይናገርም። በየቀኑ በየዋርዱ የሚሆነው ደግሞ ይኸው ነው።

ጠዋት የሌሊቱ ሺፍት ለቀኑ ሲያስረክብ ነገሩ ይወሰናል። በሥራ ዝርዝሩ ላይ የተጻፈው የሰው ቁጥርና ኮሪደሩ ላይ የቆመው ሰው ቁጥር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። አንዱ አሞኛል ብሎ ደውሏል። ከኤጀንሲ የተጠራው ሌላው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ደርሶም ዋርዱን አያውቀውም፣ ታካሚዎቹን አያውቃቸውም፤ ስለዚህ አጅበህ ውጣ አይባልም። አንድ ታካሚ ሌሊት ራሱን ስለጎዳ ከዓይን እንዳይርቅ ተብሎ ለብቻው ሠራተኛ ተመድቦለታል። መድኃኒት የሚያድለው ነርስ ከቦታው አይነሳም። የቀረው ሰው ዋርዱን ለመጠበቅ እንኳ አይበቃም። ያን ጊዜ የፈረቃው ኃላፊ ዓይን ሰሌዳው ላይ የተጻፉት ሊቮች ላይ ያርፋል። መድኃኒት አይሰረዝም፣ ምሳ አይሰረዝም፤ ሊቭ ግን ይሰረዛል። ኃላፊውን አልወቅሰውም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ባደረግሁ ነበር፤ ሁለት ሰው አስወጥቶ ዋርዱን ባዶ ማድረግ ሌላውን ታካሚ ለአደጋ መጣል ነው። የምለው ሌላ ነው፦ ያ ውሳኔ የሰውን ነጻነት የሚነካ ውሳኔ ሆኖ ሳለ ማንም እንደ ውሳኔ አይቆጥረውም።

ሐኪሙ አልከለከለም፤ ፈቃዱም አልተሻረም። ስለዚህ በጽሑፍ የሚሰጥ ምክንያት የለም፣ የሚቃወሙት ነገርም የለም። የእንግሊዝ የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን የአእምሮ ጤና ሕጉን አፈጻጸም አስመልክቶ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት በሠራተኛ እጥረት ሊቭ እንደሚሰረዝና እንደሚዘገይ ደጋግሞ ጽፏል። ስለዚህ ችግሩ አልተሰወረም። ታውቆ፣ ተጽፎ፣ ዓመት ከዓመት ባለበት ቀጥሏል።

ምዕራብ ለንደን የሚኖሩ አንዲት የሀገራችን እናት አሉ። ልጃቸው ኦቲዝም አለበት፤ ንግግሩ ጥቂት ነው፤ የተያዘበት ሆስፒታል በአካባቢያቸው አልጋ ስላልተገኘለት በባቡር ረጅም መንገድ የሚያስኬድ ቦታ ነው። ወደ ቤት መጥቶ እንዲያድር ባይፈቀድለትም ከእናቱ ጋር ከተማ ውስጥ ምሳ እንዲበላ በሊቩ ቅጽ ላይ ተጽፎለታል። እናትየው ርካሹን የባቡር ትኬት አስቀድመው ይገዛሉ፤ ያ ትኬት ደግሞ ቀን አይቀየርለትም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ሆስፒታሉ ከደረሱ በኋላ ነው ብዙ ጊዜ «ዛሬ ሠራተኛ የለንም» የሚባሉት። በእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ልጃቸውን ለጥቂት ጊዜ ዓይተውት ይመለሳሉ። ለምን አቤቱታ እንዳላቀረቡ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «አይ ልጄ፤ ቢከለክሉኝማ ለምን ብዬ እጠይቃለሁ። እነሱ እኮ ፈቅደናል ነው የሚሉኝ። የፈቀደን ሰው ምን ብዬ ልክሰሰው?»

ብዙ የሕግ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ የዚህን አንቀጽ ጉድለት እንደ እሳቸው አንጥሮ ያስቀመጠልኝ የለም።

የተሰረዘ ሊቭ ለማንም ሰው ቅር የሚያሰኝ ነው። ኦቲዝም ላለበት ሰው ግን ከቅሬታ ያልፋል። ለብዙዎቹ ቀኑ የሚቆመው አስቀድሞ በሚታወቅ ቅደም ተከተል ላይ ነው። ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሱቅ ይሄዳል ከተባለ ሐሙስ ማለት ያ ነው። ከረቡዕ ጀምሮ ይዘጋጅበታል፤ ጫማውን በር አጠገብ ያስቀምጣል፤ ሰዓቱን እየመጣ ይጠይቃል። ስምንት ሰዓት ሲሆን «ቆይ ትንሽ» ይባላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ምናልባት ከእራት በፊት»፤ ከዚያ «ነገ»። ለምን እንደሆነ በሚገባው መንገድ የሚያስረዳው የለም። በሩን ይመታል፣ ይጮኻል፣ ወይም የራሱን ክንድ ይነክሳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሰንሰለት ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። የመታው በር «ኢንሲደንት»፣ ማለትም የአደጋ ክስተት፣ ተብሎ ይመዘገባል። በቅጹ ላይ ታካሚው ምን እንዳደረገ የሚጻፍበት ቦታ ሰፊ ነው፤ ከዚያ በፊት ምን እንደተደረገበት የሚጻፍበት ግን ጠባብ ነው፤ እሱንም የሚሞላው ጥድፊያ ላይ ያለ ሠራተኛ ነው። ከሳምንት በኋላ ሐኪሞቹ ስብሰባ ሲቀመጡ ከፊታቸው ያለው ወረቀት «በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ ንብረት ላይ ጉዳት አድርሷል» ይላል። የአደጋ ግምገማው ከፍ ይላል። ሊቩ በሁለት ሠራተኛ የነበረው በሦስት ይሆናል። ሦስት ሠራተኛ ማግኘት ደግሞ ሁለት ከማግኘት ይከብዳልና የሚሰረዝበት ቀን ይበዛል። በዚህ መሐል ማንም ሰው አልዋሸም፣ ማንም ሰው ክፋት አላሰበም። ሰውየው ግን ወደ ውጭ የሚወስደው መንገድ በገዛ ወረቀቱ ተዘጋበት።

ጉዳዩ በትሪቡናል ፊት ሲቀርብ ክብደቱ ይበልጥ ይታያል። ትሪቡናሉ ሰውየው ይለቀቅ ወይስ ይቆይ ብሎ ሲመረምር ከሚጠይቃቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ «ሊቭ ላይ እንዴት ነው?» የሚለው ነው። ታጅቦ በሰላም ደርሶ መመለሱ፣ ቀጥሎ ያለ አጃቢ መሞከሩ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት አድሮ መመለሱ፤ በዚህ ደረጃ በደረጃ የሚሰበሰበው ማስረጃ ነው የመልቀቂያውን በር የሚከፍተው። ሊቩ በሠራተኛ እጥረት ያልወጣለት ሰው ማስረጃ የለውም። «ገና በማኅበረሰብ ውስጥ አልተሞከረም» ይባላል። ማነው ያልሞከረው? ሆስፒታሉ ያልሰጠው ፈተና እሱ እንደወደቀ ሆኖ ይቆጠርበታል።

ትሪቡናሉ ራሱ ደግሞ ሊቭ የመስጠት ሥልጣን የለውም። የእገዳ ትእዛዝ ለሌለበት ሰው፣ ወደፊት መለቀቁን ለማመቻቸት ሊቭ ይሰጠው ብሎ ምክረ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል፤ ካልተፈጸመ ጉዳዩን መልሶ ሊያየው ይችላል እንጂ ሐኪሙን ማስገደድ አይችልም። የእገዳ ትእዛዝ ላለበት ሰው ግን ይህን የምክረ ሐሳብ ሥልጣን እንኳ ሕጉ አልሰጠውም። ሐኪሙ ሊቭ አልሰጥም ቢል ወደ ትሪቡናሉ ይግባኝ የሚባልበት መንገድ የለም። የተከለከለው እንዲህ ከሆነ፣ ተፈቅዶ ያልወጣውማ ማን ዘንድ ይሄዳል?

ሊቭ ሌላም ሥራ አለው፤ እሱን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሊቭ ሰውየው የሚታይበት ጊዜ ነው። በ2011 ግንቦት ቢቢሲ በፓኖራማ ፕሮግራሙ በብሪስቶል አቅራቢያ ዊንተርቦርን ቪው በተባለ የግል ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ሲደበደቡ፣ ሲዋረዱና መሬት ላይ ሲጎተቱ በስውር ካሜራ ቀርጾ አሳየ። ሆስፒታሉ በወሩ ተዘጋ፤ በ2012 አሥራ አንድ ሠራተኞች ተፈረደባቸው፤ ስድስቱ እስር ቤት ገቡ። ለአንድ ታካሚ በአማካይ በሳምንት 3,500 ፓውንድ ይከፈል እንደነበር የተገለጠውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ከአእምሮዬ የማይጠፋው አንድ ነገር አለ፦ ጠያቂ ቤተሰቦች ወደ ዋርዱም ሆነ ወደ መኝታ ክፍሎቹ እንዲዘልቁ አይፈቀድላቸውም ነበር። በየሳምንቱ ከእናቱ ጋር ምሳ የሚበላ ሰው እጅጌው ሲሰበሰብ ክንዱ ላይ ያለው ምልክት ይታያል። ክብደቱ መቀነሱን፣ መድኃኒቱ ምላሱን ማሠሩን፣ ከአንድ ሠራተኛ አጠገብ ሲቆም መሸማቀቁን እናት ታያለች፤ የሱቁ ባለቤት እንኳ ያያል። የማይወጣ ሰው የሚታየው በሚጠብቁት ሰዎች ዓይን ብቻ ነው።

ከዊንተርቦርን በኋላ መንግሥት ሆስፒታል መኖር የሌለበትን ሰው ሁሉ እስከ 2014 ሰኔ እንደሚያስወጣ ቃል ገባ፤ አልሆነም። በ2015 አዲስ ዕቅድ ወጣ፤ እስከ 2019 መጋቢት ቁጥሩን ከሲሶ በላይ እስከ ግማሽ ለመቀነስ ታሰበ፤ አልሆነም። ቀኑ ወደ 2024 ተገፋ፤ ያም አለፈ። በ2019 ዱራም ውስጥ ዎርልተን ሆል በተባለ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ ፓኖራማ እንደገና ስውር ካሜራ አስገብቶ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ በብዙ ቦታ ሊቭ ለወራት ተቋረጠ። ሁላችንም ቤታችን ተዘግተን ነበርና ያን ጊዜ አስታውሱት፤ እነዚህ ሰዎች ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያው ነበሩ።

የሊቩ ሕግ ወዲህ ሲጎድል ወዲያ ደግሞ ከተሠራበት ዓላማ በላይ ተለጥጧል። በ2018 ኅዳር የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኤም ኤም በሚል ፊደል ብቻ በሚታወቅ ሰው ጉዳይ ላይ ፍርድ ሰጠ። ሰውየው መለስተኛ የዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ነበረበት፤ በእሳት ማቃጠል ወንጀል ተፈርዶበት በእገዳ ትእዛዝ ሥር ነበር። ከሆስፒታል ወጥቶ ቀን ከሌት በሚጠበቅበት ቤት ለመኖር እሱ ራሱ ተስማምቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን የ1983ቱ ሕግ እንዲህ ነጻነትን የሚነፍግ ሁኔታ የተለጠፈበት መልቀቂያ አይፈቅድም፤ የሰውየው ስምምነትም አያስችለውም አለ። ነገሩ ነጻነቱን ለመጠበቅ ታስቦ ነው፤ ውጤቱ ግን መውጫ ማሳጣት ሆነ። ያን ጊዜ የፍትሕ ሚኒስቴር መፍትሔ ብሎ የያዘው ያንኑ አንቀጽ 17 ነው፦ ሰውየው ከሆስፒታል ይወጣል፣ ውጭ ባለ ቤት ውስጥ ይኖራል፣ በወረቀት ግን አሁንም የሆስፒታሉ ታካሚ ነው፤ «ረጅም ሊቭ» ላይ ነው። የራሱ አልጋ፣ የራሱ ቁልፍ ሳይኖረው አይቀርም፤ ሕጉ ግን ለአጭር ጊዜ ወጣ ያለ ሰው አድርጎ ያየዋል። ለሰዓታትና ለቀናት የተጻፈው አንቀጽ የዓመታት ኑሮ ተሸከመ።

በ2025 የጸደቀው አዲሱ የአእምሮ ጤና ሕግ ይህንን ክፍተት በግልጽ ድንጋጌ ለመድፈን ተነሥቷል። ከዚያም በላይ፣ የዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ብቻውን ሰውን በአንቀጽ 3 ለረጅም ሕክምና ለመያዝ ምክንያት እንዳይሆን ያደርጋል። ታላቅ ለውጥ ነው፤ ለዓመታት የጮኹ ቤተሰቦች ያመጡት ነው። ነገር ግን ይህ ድንጋጌ ሥራ ላይ የሚውለው በየሰፈሩ በቂ ድጋፍ ሲዘጋጅ ነው ተብሏል፤ በወንጀል ችሎት በኩል የገቡትንም አይመለከትም። እስከዚያው ድረስ ዛሬ ጠዋት ጫማውን በር አጠገብ ያስቀመጠው ሰው ሊቩን ይጠብቃል። አዲሱን ሕግ ስናወድስ የዛሬውን ሐሙስ እንዳንረሳበት እሠጋለሁ።

መደረግ ያለበት ውስብስብ አይደለም። በሠራተኛ እጥረት ያልወጣ ሊቭ ሁሉ እንደ ተከለከለ ሊቭ ይመዝገብ፤ ምክንያቱ ይጻፍ፤ የወሰነው ሰው ይፈርም፤ ቅጂው ለታካሚውና ለቤተሰቡ ይድረስ። በትሪቡናል ፊት ሐኪሙ የሚያቀርበው ሪፖርት ስንት ሰዓት እንደተፈቀደና ስንት ሰዓት እንደተወጣ ጎን ለጎን ያሳይ። እንዲያ ቢሆን «በማኅበረሰብ ውስጥ አልተሞከረም» የሚለው ቃል ባለቤቱን ያገኛል። ለእያንዳንዱ አልጋ በሺዎች የሚቆጠር ፓውንድ በየሳምንቱ የሚከፍለው አካልም የከፈለበት አገልግሎት ውስጥ ያቺ አንድ ሰዓት እንዳለችበት መጠየቅ አለበት። ሰውን ዘግቶ ለማቆየት የሚወጣ ገንዘብ ከተገኘ አጅቦ ለማውጣት የሚሆነው ጠፋ ማለት አይዋጥልኝም።

ሌላም ከሕጉ ውስጥ ተቀምጦ ብዙ ያልተሠራበት ነገር አለ። አጃቢ የግድ የሆስፒታሉ ሠራተኛ መሆን የለበትም። ሐኪሙ ታካሚው በቤተሰብ ወይም በወዳጅ ታጅቦ እንዲወጣ መፍቀድ ይችላል። በሕጋዊ ጥበቃ ሥር ሆኖ ነው መውጣት ያለበት ከተባለም የሆስፒታሉ አስተዳደር በጽሑፍ የፈቀደለት ሰው፣ ኃላፊነቱ ገብቶትና ተቀብሎት እስከሆነ ድረስ፣ ጠባቂ መሆን ይችላል። መመሪያው ይህ በጥንቃቄ እንዲሆን ያስጠነቅቃል፤ ልክ ነው፤ እናትን ፖሊስ ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ልጇን ሃያ ዓመት ያሳደገች፣ ምን እንደሚያስደነግጠውና ምን እንደሚያረጋጋው ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት፣ ትናንት ከኤጀንሲ ከመጣ ሰው ታንሳለች ብሎ ለመናገር ጥናት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ተነሥቶ ውድቅ አይደረግም፤ ከመጀመሪያውም አይነሣም።

ስለ እኛ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። አበሻ ቤተሰብ በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ሲቀመጥ ዓይቻለሁ፤ ሐኪም ያለው አለቀ የሚል አክብሮት ይዞ ነው የሚቀመጠው። አንዳንዱ ደግሞ ልጁ ሆስፒታል መሆኑን ለዕቁብ ማኅበሩም ለቤተ ክርስቲያኑም አልነገረም፤ «ውጭ አገር ለትምህርት ሄዷል» ያለም አለ። ሀገር ቤት ያለው ይሉኝታ ተከትሎን መጥቷል። እዚያ አጥር ግቢ ውስጥ የሚዘጋ ልጅ ቅጽ የለውም፣ ሐኪም የለውም፣ ትሪቡናል የለውም፤ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2010 ብታጸድቅም። ይህን ዓይቶ የመጣ ወላጅ እንግሊዝ አገር ንጹሕ አልጋና ሦስት ጊዜ ምግብ ሲያይ ከዚህ በላይ መጠየቅ ምስጋና ቢስነት ይመስለዋል። ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሕጉ የሰጠውን ሰዓት መጠየቅ ውለታ መለመን አይደለም።

ስለዚህ ልጃችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ እንዲህ ባለ ቦታ ካሉ፣ የሊቩን ቅጽ ቅጂ ጠይቁ። ስብሰባው ላይ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች አቅርቡ፦ ባለፈው ወር የተፈቀደው ስንት ሰዓት ነው፣ የተወጣው ስንት ሰዓት ነው፣ ቀሪው ያልተወጣበትን ምክንያት የጻፈው ማነው? መልሱ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አድርጉ። ታካሚው ነጻ ተሟጋች የማግኘት መብት አለው፤ ክፍያ የለውም፤ እንዲመጣለት ጠይቁለት። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ደግሞ በአማርኛ ጠይቁ፤ አስተርጓሚ ማቅረብ ያለበት ሆስፒታሉ ነው። ትንሹ ልጃችሁ የወንድሙን ጉዳይ ቁጭ ብሎ እንዲያስተረጉም አትፍቀዱ።